ከሞጣ የመጣችው አምስት ጎራሽ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት አንዲት ሽጉጥ ፍለጋ ነው። የምሠራበት ቤተ መዘክር የአርበኞች ጠመንጃ ሞልቶታል፤ ከመዳፍ የማትበልጥ፣ ጥይት ማጉረሻዋ የሚሽከረከር፣ አምስት የምትጎርስ የብረት ሽጉጥ ግን አልነበረችውም። እኔን ደግሞ የነዚህ ትንንሽ ሽጉጦች ፍቅር ለክፎኛል፤ የሚያጓጓኝ አሠራራቸው እንጂ ጥይታቸው አይደለም። ጊዜው ደርግ መሣሪያ የሚለቅምበት ነበርና አለቃዬ መሣሪያ የመሰብሰቢያ ፈቃድ ሲሰጠኝ፣ "ሰው ሽጉጡን በሚደብቅበት ዘመን ሽጉጥ ፍለጋ ጎጃም የሚወርድ አንተን አየሁ" ብሎ ሳቀብኝ። ቆይ ብቻ አልኩ በሆዴ።

ቢቸና

በአውቶቡስ የዓባይን በረሃ ወርደን፣ ወጥተን፣ ከደጀን አቧራ እየቃምን ቢቸና ገባን። አንድ ጡረተኛ ዳኛ ሽጉጥ አላቸው ተብዬ ነበር። አላቸውም። ግን እንድታበራ ብለው በአሸዋ ፈትገው ፈትገው፣ የሠሪዋን ምልክት ሳይቀር አጥፍተውታል።

"መስታወት አላስመሰልኳትም?" አሉኝ በኩራት።

"አስመስለዋታል አባባ" አልኩ። ሽሮ አብልተው፣ ሞጣ ያሉ የአንድ አርበኛ ባለቤት ዘንድ ሌላ እንዳለች ነግረው ሸኙኝ።

ሞጣ

በጭነት መኪና፣ ጤፍ በሞላው ጆንያ ላይ ተቀምጬ ጉንደ ወይንን አልፌ ሞጣ ደረስኩ። የአርበኛው ሚስት እማማ ጥሩነሽ ቤት ዳስ ተጥሏል፤ በማግስቱ የባለቤታቸው የሰባት ዓመት ተዝካር ነው። ዘመኑ ቢያስፈራም፣ በዚያ ቤት ልማድ የሟች መሣሪያ ዳሱ ምሰሶ ላይ ይሰቀላል። እማማ ሽጉጧን ከነጠላ ፈተው አሳዩኝ። ለዓመታት የፈለግኳት እሷን ነበር! ግን ማጉረሻዋ አልዞር አለ።

"በየዓመቱ ኑግ ዘይት እየቀባኋት ደረቀችብኝ፣ ልጄ" አሉ እማማ።

የሟች ወንድም አያ ደሴ መዶሻ ይዘው ቆመዋል። "የሞተ መሣሪያ አይሰቀልም። ወይ በዚህ ትላቀቃለች፣ ወይ ቀጥቃጭ ቤት ሄዳ ቢላዋ ትሆናለች።"

"መዶሻውን ያስቀምጡልኝ" አልኩ። "ካዞርኳት ከተዝካሩ በኋላ ለቤተ መዘክሩ ትሰጡኛላችሁ?"

እማማ እሺ አሉ። "ከሰበርካትስ?" አሉ አያ ደሴ።

ኑግ ለወጥ እንጂ ለብረት አይሆንም፤ ሲደርቅ ሙጫ ነው። ባዶ መሆኗን አይቼ ላምባ በሞላው ጎድጓዳ ሳህን ዘፈዘፍኳት፤ ፀሐይ ላይ አስቀምጬ በዶሮ ላባ ስንጥቋን ሁሉ ጠረግሁ። በአውራ ጣቴ ገፋኋት፤ እምቢ። አያ ደሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደግሜ ዘፈዘፍኳት። ከሰዓት በኋላ ስገፋት ቀጭ አለች። ከዚያ አምስቱም፣ ቀጭ፣ ቀጭ!

ሴቶቹ እልል አሉ። ቢላዋ ሊያደርጓት የነበሩት አያ ደሴ ከእጄ ነጥቀው፣ "ዘራፍ!" ብለው ይፎክሩ ጀመር። እማማ ግን ተቀብለው ወደ ጆሯቸው አስጠጓት።

"እስቲ አዙራት" አሉኝ። አዞርኩላቸው። "ድምጿ ይኸው ነበር። ባለቤቴ ሲወለውላት እሰማት ነበር" ብለው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ደስታም ነበር።

መልስ

ዳሱ ምሰሶ ላይ ተሰቅላ ከዋለች በኋላ እማማ ራሳቸው አውርደው ሰጡኝ። "መስታወት ውስጥም ብትገባ አልፎ አልፎ አዙራት፤ ዝም ስትል አልወድም።" ዓባይ ድልድይ ላይ የፈተሸኝ ወታደር እንኳ ፈቃዴን አይቶ ሲያበቃ፣ አንድ ጊዜ ሳያዞራት አልመለሰልኝም።

አለቃዬ ዳግመኛ አልሳቀብኝም። ከጉዞው የተማርኩት፣ በፍቅር የተቀባ ዘይትም ሊያደርቅ እንደሚችል፣ መድኃኒቱም መዶሻ እንዳልሆነ ነው። ቤተ መዘክሩ በሚዘጋበት ቀን ሁሉ መስታወቱን ከፍቼ አዞራታለሁ፤ እማማ ጥሩነሽ የሚሰሙ ይመስል ድምጿን እስከ መጨረሻው አዳምጣለሁ።