«ለአራት ወር ብቻ»

የመጀመሪያው የቅጥር ደብዳቤዬ ላይ «ለአራት ወር ብቻ» የሚል ሰፍሮ ነበር። በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት የምትሠራው ሴት የወሊድ ፈቃድ ስትወጣ፣ በእሷ ቦታ ጊዜያዊ ሆኜ ገባሁ። ዲግሪዬን ይዤ ደብረ ኤልያስ ከተመለስኩ ጀምሮ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ስለተቀመጥኩ፣ አራቱ ወር የማያልቅ መስሎኝ ነበር።

ደብዳቤውን የሰጡኝ የሰው ሀብት ባለሙያው ናቸው፤ በልጅነታቸው ዲማ ቅኔ የተማሩ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሰው። ከመፈረሜ በፊት እያንዳንዱን መስመር አነበቡልኝ። የቦታው ባለቤት ስትመለስ ውሉ ያበቃል፤ ጊዜያዊ መሆን ቋሚ አያደርግም። እሺ ብዬ ፈረምኩ። ያኔ ማን ልብ ብሎ ሰማ።

ሥራው ተስማማኝ። ገበሬው ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ መጥቶ «ፋይልዎ አልተገኘም» ተብሎ ሲመለስ ማየት አልወድም ነበርና፣ ወለል ላይ የተከመረውን ፋይል በየቀበሌው ለይቼ ደረደርኩት። በሦስተኛው ወር ፋይል ጠፋ የሚባል ነገር ቀረ። ይህን ያየው የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ወደ መርጡለ ማርያም ሲዛወር፣ በክፍቱ ቦታ በደብዳቤ ቋሚ እንደሚያደርገኝ ነገረኝ። ወዲያው ለእናቴ ደወልኩ።

ባለሙያው ግን አልፈርምም አሉ። ቢሯቸው ገብቼ፣ ኃላፊው የፈቀደውን እርስዎ ለምን ይከለክላሉ ብዬ ጠየቅኋቸው። ወንበር ሰጡኝ።

«ልጄ፣ ሥራሽን አይቻለሁ» አሉኝ። «ግን ያለ ማስታወቂያ፣ ያለ ፈተና ባስገባሽ፣ ነገ ኃላፊው ሲቀየር ፋይልሽን የሚገልጥ ሰው ይመጣል። ያኔ ምን ብለሽ ትከራከሪያለሽ?»

አኩርፌ ወጣሁ፤ ለሳምንት ያህልም ሰላም አላልኳቸውም። እስከ ዛሬ የማፍርበት እሱን ነው።

የክፍት ቦታው ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ እኔም ተመዘገብኩ። በዚያው ሰሞን የተካኋት ሴት ተመለሰችና ቁልፉን አስረክቤ ቤቴ ገባሁ። የፈተናው ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አልፈራሁም፤ የሚጠይቁኝ አቧራውን ስምገው የከረምኩበትን ሥራ ነው። አንደኛ ወጣሁ።

ውጤቱ በተነገረ ማግሥት፣ ሁለተኛ የወጣው ወጣት ቦታው አስቀድሞ ለእኔ ተይዞ ነበር ሲል አቤት አለ። ቅሬታ ሰሚዎቹ ማስታወቂያውን፣ የፈተና ወረቀቶቹን፣ ውሌም በቀኑ መዘጋቱን አንድ በአንድ መረመሩ። ባለሙያው እያንዳንዱን ወረቀት ከፋይሉ እያወጡ አቀረቡላቸው። ቅሬታው ውድቅ ሆነ። ወጣቱም ወረቀቱን ራሱ አገላብጦ ካየ በኋላ መጥቶ ጨበጠኝ።

ከባለሙያው ጋር ስንወጣ «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

ትከሻዬን ቸብ አደረጉና፣ ገና የስድስት ወር የሙከራ ጊዜ እንዳለብኝ አስታወሱኝ። አልከፋኝም። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስደርስ ሦስት ገበሬዎች ቀድመውኝ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ የመጀመሪያውን ሰውዬ ቀበሌያቸውን ጠየቅኋቸው።