አሚን የማያሰማው ኤርበድ

መርሳን የለቀቅሁት ገና ለሱብሂ አዛን ሳይባል ነው። ሚኒባሱ አስፋልቱ ዳር ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል፤ ረዳቱ ደሴ ደሴ እያለ በሩን ይደበድባል፤ እናቴ ግን መኪና የሚባል ነገር መኖሩን የረሳች ይመስል እጆቿን ዘርግታ ዱዓ ጀመረች። በእኛ አገር መንገደኛ ያለ ዱዓ አይሸኝም። ጎረቤቶቻችን እጃቸውን ዘርግተው በየመሃሉ አሚን ይላሉ፤ እኔ ሻንጣዬ የማንም ሽንኩርት ጆንያ ሥር እንዳይገባ ዓይኔን የመኪናው ጣሪያ ላይ ተክያለሁ። እናቴ ዱዓዋን አቋረጠች።

"አሚን በይ" አለችኝ።

"ብያለሁ።"

"አልሰማሁም። አሚን ያልተባለለት ዱዓ ደጅ ላይ ቆሞ የቀረ እንግዳ ነው።"

ጮክ ብዬ አልኩ። አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረው ረዳትም አብሮኝ አለና፣ በሉ ዱዓውም ደርሷል እኛም እንድረስ ብሎ ሻንጣዬን ጫነው።

እናቴ እንድሄድ የፈቀደችው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ጁምዓ ጁምዓ እደውላለሁ፣ እሷ ዱዓ ታደርጋለች፣ እኔ አሚን እላለሁ። ይህ ከቀረ መንገድሽን ሀላል አልልልሽም ብላኛለች። ለአንዳንዱ ሰው ይህ ተራ ቁጣ ይመስለው ይሆናል። እኛ ዘንድ እናቱ መንገዱን ሀላል ያላለችለት ሰው የያዘው ሁሉ አይባረክለትም። እኔ ብዙ ነገር አላምንም፣ ይህን ግን አምናለሁ።

ለምን ሄድሽ የምትሉኝ አላችሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረስኩ፣ ውጤት አልመጣልኝም፣ አንድ ቦታ መቀመጥም አልችልም። ሌላ የሚያስለቅስ ምክንያት የለኝም። ወልድያ አንድ ማሰልጠኛ ገብቼ ምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ተማርኩ። መብራት ስላልነበረ አሰልጣኛችን ማሽኑን እየገፋች ድምፁን በአፏ ታወጣልን ነበር። ሪያድ ደርሼ እውነተኛውን ስሰማው ያው ራሱ ነው። ሴትዮዋ ጎበዝ ነበረች።

አዲስ አበባ አየር ማረፊያ ፓስፖርት የሚያየው ሰውዬ ምን ልትሠሪ ነው የምትሄጂው አለኝ። ቪዛው ላይ ተጽፏል አልኩት። አንቺ ንገሪኝ አለ። ቤት ልጠርግ አልኩ። ቀና ብሎ አየኝና፣ "ተምረሽ?" አለኝ። "ቆሻሻው የምስክር ወረቀት አይጠይቅም" አልኩት። ማኅተሙን ከሚገባው በላይ አጥብቆ መታው፤ ገጹ ላይ እስካሁን ጉድጓዱ አለ።

ሪያድ ሙቀት ነው ብለው ያስፈራሩኝ ነበር። የመርሳን ሰው ሙቀት አያስፈራውም። ያስቸገረኝ ብርዱ ነው። ሙከየፍ የሚሉት ማቀዝቀዣ ቀንም ማታም ስለማይጠፋ፣ ውጭው እንደ ምጣድ ግሎ እኔ ቤት ውስጥ ሹራብ ለብሼ ነው የምወለውለው። ማንጎ ደግሞ አንድ አንዱን በፕላስቲክ ጠቅልለው እንደ መድኃኒት ይሸጡታል። ማሽተት አይቻልም። እኛ ማንጎ ሳናሸት እንገዛለን? ሰላምታቸውም ያጥራል። እኛ ከብት ሳይቀር ደህና ነው ወይ ብለን ጠይቀን ነው ወደ ጉዳዩ የምንገባው፤ እዚህ "ተዓሊ" ነው፣ ነይ ማለት ነው፣ ከዚያ ሥራ።

በቤቱ ብዙውን ጊዜ ተዓሊ የሚሉት የአሠሪዬ የማዳም እናት ናቸው። አይራመዱም። ከእኔ በቀር ሌላ ሰው ሲያጎርሳቸው አፋቸውን ይገጥማሉ። ከክፍሉ ከወጣሁ ተዓሊ፣ ወጥ ቤት ከገባሁ ተዓሊ። እኔ ሐጃ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ስሜን ሊይዙት አልቻሉም። ማዳም ግን ስሜን አሳምራ ይዛዋለች። ሰዓዳ ብላ ስትጮህ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል።

መጀመሪያ ላይ ለእናቴ የምደውለው ልብስ እየተኮስኩ፣ ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ነበር። እናቴ ሁሉንም ትሰማለች። አንድ ጁምዓ ማዳም ከሳሎን ጮኸችብኝ። እናቴ ማናት አለች። ቴሌቪዥን ነው አልኩ።

"ቴሌቪዥኑ ስምሽን በምን አወቀው?" አለች።

መተኮሴን ቀጠልኩ። ያን ቀን ዱዓዋን እያለቀሰች ጨረሰች፣ ከዚያ በኋላም በደወልኩ ቁጥር ከእኔ ድምፅ ይልቅ ከጀርባዬ ያለውን ታዳምጥ ጀመር። ብዙ ሳይቆይ ማዳም ደግሞ በሥራ ሰዓት ስልክ በእጅሽ እንዳላይ አለች። ለእኔ የሥራ ሰዓት ያልሆነ ሰዓት የለም፣ ስለዚህ በአጭሩ ጁምዓዬን ወሰደችው።

መላውን ያመጣችልኝ ዘሀራ ናት። ዘሀራ የሲሪንቃ ልጅ ናት፤ እዚያው ሕንፃ ላይ ሌላ ቤት ትሠራለች፤ የምንገናኘው ቆሻሻ ስናወጣ በርሜሉ ጋ ነው። ሂጃቧን ገለጥ አድርጋ ጆሮዋን አሳየችኝ። ገመድ የሌለው ነጭ ኤርበድ ሰክታለች። ስልኩ ኪስ ውስጥ፣ ይህ ሂጃብ ውስጥ፣ ማን ያየዋል አለች። ከዚያ አስጠነቀቀችኝ። ሁለት ዓይነት አለው፣ ስታንዳርዱን ግዢ፣ ፕሪሚየሙ ለእኛ ሥራ አይሆንም አለች። ለምን ስላት ማዳሟ ጠራቻትና ሮጠች።

አንድ ቀን ማዳም ወደ ገበያ አዳራሽ ይዛን ወጣች። እሷ ሽቶ ቤት ስትገባ እኔ የሐጃን ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ ስልክ የሚሸጥ አንድ የመናዊ ዘንድ ገባሁ። ሁለት ካርቶን አወጣልኝ፤ አንድ ዓይነት ስም፣ አንድ ዓይነት ቀለም። ስታንዳርዱ ጆሮ ላይ እንዲሁ የሚቀመጥ ነው፣ ያሰማል ያናግራል፣ ሌላ ጥበብ የለውም አለ። ፕሪሚየሙ ጆሮን የሚደፍን ላስቲክ አለው፣ የውጭውን ድምፅ ይገድላል፣ ማይኩም ካንቺ ድምፅ በቀር ያለውን ሁሉ አጥርቶ ይጥላል፣ የምታናግሪው ሰው አንቺን ብቻ ነው የሚሰማው አለ።

"ማዳም ብትጮህም?" አልኩት።

"ማዳምሽ ብትጮህም።"

"ማረጋገጫ አለህ?"

"ማዳሟ ተሰማች ብላ የመለሰችብኝ ሴት የለችም" አለ።

ዋጋው የስታንዳርዱ እጥፍ ነበር። ከፈልኩ። ለሙዚቃ አልነበረም የገዛሁት፤ ለጆሮዬም አልነበረም። እናቴ ማዳምን እንዳትሰማ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ጁምዓዎች ጥሩ ሄዱ ማለት ይቻላል። ላስቲኩ ጆሮዬን ስለሚደፍነው አንዱን ብቻ እሰካለሁ፣ በሌላው ጆሮ ተዓሊን እጠብቃለሁ። ሂጃቤ ሲነካው ስልኩ የሚዘጋበት ጊዜ ነበር፤ እናቴ ጆሮዋ ላይ የዘጋሁባት መስሏት ትቆጣለች፣ መልሼ እደውላለሁ። ስለ ማዳም ግን መጠየቅ ተወች። ቤትሽ ሰላም ሆነ መሰለኝ አለች። ሆነ አልኳት።

ከዚያ ያ ጁምዓ መጣ። ማዳም ባሏንና ልጆቿን ይዛ ዘመድ ቤት ሄደች፤ እኔና ሐጃ ቀረን። ሐጃ ሌሊቱን ሲያማቸው አድሮ ያኔ ገና ሸለብ አድርጓቸዋል። አጠገባቸው ተቀምጬ ደወልኩ። እናቴ ዱዓዋን ጀመረች፣ እኔ እንዳልቀሰቅሳቸው በሹክሹክታ አሚን እላለሁ። አሚን፣ አሚን። እናቴ ቆመች።

"ሰዓዳ?"

አለሁ እማ አልኩ፣ በሹክሹክታ።

"ሰዓዳ፣ አሚን በይ እንጂ።"

አሚን አልኩ። ደግሜ አልኩ።

"የታል ሰው? የታል ቤቱ? ምን አድርገውሽ ነው?" አለች። ድምፄን ከፍ ለማድረግ አፌን ስከፍት ሐጃ ተገላበጡ፤ ኤርበዱን በጣቴ ጠጋ ላድርገው ብዬ ስነካው ዘጋው። መልሼ ስደውል አታነሳም።

በማግሥቱም አላነሳችም። ሁለት ቀን ቆይቶ የአጎቴ የሰይድ የድምፅ መልእክት መጣ። እናትሽ ከአረብ አገር የተመለሱትን ልጆች ቤት ለቤት እየዞረች፣ ምንም ድምፅ የማይሰማበት ቤት ምን ዓይነት ቤት ነው ብላ ትጠይቃለች አለ። አንዷ ልጅ እንዲያ ያለው እስር ቤት ብቻ ነው ብላታለች። እናትሽ ደግሞ፣ ጩኸት ባለበት ሰው አለ፣ ይህ ግን ወይ ታስራለች ወይ አሚኗን ከልክላኛለች፣ ከከለከለችኝ መንገዷን ሀላል አላልኩም ብላለች አለኝ። በጩኸቱ ስታለቅስ የነበረችው እናቴ አሁን ጩኸቱን ፈልጋ ታለቅሳለች።

በርሜሉ ጋ ለዘሀራ ነገርኳት። አልተደነቀችም። ደረጃው ታች ቆማ እኔን ላይ አወጣችኝና በስልክ አናግሪኝ አለች። ተናገርኩ፣ ሰማች። አሁን በሹክሹክታ አለች። ሹክ አልኩ። ከታች ወደ ላይ አየችኝ፣ አፌ ሲንቀሳቀስ ታያለች፣ ምንም አይሰማትም። ሹክሹክታውን ነፋስ ነው ብሎ ይጥለዋል አለችኝ። ያኔ ልነግርሽ የነበረው ይህን ነው፣ የእኛ ኑሮ ሹክሹክታ ነው አለች።

ማዳም እንደገና ወደ ገበያ አዳራሹ ስትወስደን የመናዊው ዘንድ ይዤው ሄድኩ። የተከፈተ ዕቃ አይመለስም አለ።

"እናቴ እኔን አትሰማኝም" አልኩት።

"እናትሽም ፕሪሚየም ትግዛ" አለኝ። ወጣሁ።

በመጨረሻ የተቀየርኩት ከዘሀራ ጋር ነው። እሷ ፕሪሚየሙን ወሰደች፣ እኔ የእሷን ያረጀ ስታንዳርድ። ለሥራችን አይሆንም ስትይ አልነበረም ወይ ብዬ ብጠይቃት፣ ማታ ልጆቹ ሲጯጯሁ ደፍኜበት እተኛለሁ አለች። ቤተሰብ ስትደውዪስ ስላት፣ "እኔ አሚን የምትጠብቅብኝ እናት የለችኝም" አለች፤ የዳቦ ዋጋ እንደምትነግረኝ ዓይነት። እናቷ የሞተችው ዘሀራ እዚህ ከመጣች በኋላ መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ። በርሜሉን ዘግተን ተለያየን።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አልፌያለሁ፣ እዚህ ላይ ልበለው። ኮንትራቴ ሊያልቅ ነው። ማዳም ማደስ አለብሽ ብላኛለች፤ ሐጃ ከሌላ ሰው አይበሉማ። እናቴ መምጫሽ ደረሰ እያለች ነው። እኔ ለሁለቱም አልመለስኩም። ማደሪያዬ መስኮት የለውም፤ ሌሊት የማልመው ግን የመርሳን አስፋልት ነው፣ ከሲሪንቃ ማዶ ያለውን መታጠፊያ ሳይቀር። ነቅቼ ስቀመጥ ደግሞ ሄጄ ምን ልሠራ እላለሁ። እንዲህ ነኝ።

የሚቀጥለው ጁምዓ ማዳምና ቤተሰቧ ሲወጡ በአጎቴ በኩል ደወልኩ። እናቴ አጠገቡ ነበረች፣ በግድ አናገረችኝ። ምንም አልተሟገትኩም፣ ዱዓ አድርጊልኝ አልኳት። ሐጃ ትራሳቸውን ተደግፈው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው ያዩኛል። የዘሀራ ስታንዳርድ ምንም አይከልልም፤ ከወዲያ የመርሳ ባጃጅ ጥሩምባውን ሲነፋ፣ ከወዲህ ሙከየፉ ሲያጉረመርም አንድ ላይ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል። እናቴ ጀመረች። እኔም ጮክ ብዬ፣ ማንንም ሳልፈራ፣ አሚን አልኩ።

ሐጃ ቀና አሉ። የማወራውን ቋንቋ አያውቁትም፣ አሚንን ግን ያውቁታል። እጃቸውን ዘረጉ። በሁለተኛው አሚን አብረውኝ አሉ።

"ማናቸው?" አለች እናቴ።

የምጠብቃቸው አሮጊት ናቸው አልኳት።

"አልሐምዱሊላህ። ሰው አለሽ።" ድምፅዋ ሲላላ ሰማሁት። መንገድሽ ሀላል ይሁን አለች፤ አሚን አልን። ለሐጃም ጤና ለመነች፤ አሚን አልን። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

"ያ ረቢ፣ ልጄን ሳልሞት ቶሎ ወደ ደጄ መልስልኝ። ከእንግዲህ ሌላ ቤት አታሳድርብኝ።"

"አሚን!" አሉ ሐጃ፣ ባላቸው ትንፋሽ ሁሉ።

ዘወር ብዬ አየኋቸው። ጉንጫቸው ላይ ቅድም ያጎረስኳቸው ሩዝ ቀርቷል። ምን እንደተለመነ አልተረጎምኩላቸውም።

ባጃጁ አልፎ ሄደ። 

"ይኼ የሳቸው ነው" አለች እናቴ። "ያንቺስ?"

ሐጃ እጃቸውን አላወረዱም። እናቴም ስልኩን አልዘጋችም።