የላባዋ ዝንብ

ትናንት የባለቤቴን የሹፌርነት ጃኬት ፀሐይ ላስመታ ብዬ አወጣሁና ኪሱ ውስጥ እጄን ስሰድ አንድ ነገር ጠቅ አደረገኝ። ጎትቼ ባወጣው መንጠቆ ናት፤ በቀይ አውራ ዶሮ ላባ የተጠቀለለች፣ ላባዋ ረግፎ ጥቂት የቀራት። ጃኬቱ አሁንም ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። እዚያው ልብስ ማስጫው ሥር ቁጭ አልኩና፣ “አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም አትተወኝም?” አልኩ ጮክ ብዬ። ጎረቤት ሰምቶኝ ይሆናል፤ ይስማ።

እንግዲህ ካነሳሁት ልንገርሽ። ያኔ አቃቂ በሰቃ፣ አንድ ጋራዥ ጀርባ ነበር የምንኖረው። ቀኑን ሙሉ ብረት ሲቀጠቀጥ ነው የሚውለው። እኔ አዲስ ሙሽራ፣ እሱ ከባሌ ስንዴ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሹፌር። ሳያገባኝ በፊት አንድ ፈረንጅ እየነዳ ባሌ ሲያዞር፣ ፈረንጁ ትራውት የሚባለውን ባለነጠብጣብ ዓሣ በላባ ዝንብ፣ ማለት ላባ ተጠቅልሎበት ዝንብ በሚመስል መንጠቆ፣ ማጥመድ አስተማረው። አገሩ ሲመለስም ዘንጉን ትቶለት ሄደ። ምነው ሌላ ነገር በተወለት!

ጭነት የሌለ ቀን አሮጌ ጎማ ግቢው መሃል ያጋድምና ራቅ ብሎ ይቆማል። ከዚያ ያን ረጅም ክር አየር ላይ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፣ ሹው፣ ሹው ያደርገዋል። ዝንቧ ጎማው መሃል ካረፈችለት በቃ፣ ዓለሙን አየ። ጠብታ ውሃ የለም እኮ! ዝንቧን ራሱ ነው የሚሠራት፤ የናቱን ዶሮ አንገት እየነጨ በልብስ መስፊያ ክር ይጠቀልላታል። የመንጠቆዋን እሾህ ደግሞ በፒንሳ ይደፈጥጠዋል፣ ስትወጣ ዓሣው እንዳይቀደድ ብሎ። ይዞ ይለቃል እንጂ አይበላም። “ትልልቆቹ እናቶች ናቸው” ይለኛል፣ “እነሱ ካለቁ ወንዙ ምን ይቀረዋል?”

አጥራችንን የምትጋራ ባለሱቅ ነበረች፤ የጉራጌ ልጅ፣ ክርስቲያን፣ አፏም ልቧም ክፍት። “ሰው ዝንብ ያባርራል፣ ያንቺ ባል ዝንብ ይሠራል!” እያለች ትስቅብኛለች። ከሷ ጋር የማንካፈለው ሥጋ ብቻ ነበር። በበዓል እኔ የሷን አልቀምስ፣ እሷ የኔን አትቀምስ። ሰሃን በአጥር እናቀባብላለን፤ ዳቦውም፣ ቆሎውም፣ ለስላሳውም ይሄዳል፣ ሥጋው ግን በየቤቱ ይቀራል።

ያን ዓመት ፀነስኩ። ከዚያ በፊት የመጀመሪያው አስወርዶኝ ነበር፤ ስለሱ በቤታችን አይወራም። በሁለተኛው ደግሞ ምንም ነገር አልረጋልኝ አለ። ውሃ እንኳ ይመልሰኛል። ቀሚሴ ትከሻዬ ላይ አልቆም እስኪል ከሳሁ። አማቴ ጓዳ ውስጥ ለልጃቸው፣ “እንዲህ ሆና ይሄንንም አትይዘው” ሲሉት ሰማሁ። ለኔ ብለው ነው፣ ክፋት የለባቸውም፤ ግን ያን ሌሊት ሆዴን በሁለት እጄ ደግፌ ነበር የተኛሁት፣ የሚያመልጠኝ ይመስል።

አንድ ቀን ባለቤቴ የዚያን የባሌ ወንዝ ቅዝቃዜና የዓሣውን ነጠብጣብ ሲያወራልኝ አፌ ምራቅ ሞላ። “ያ ዓሣ አማረኝ” አልኩ። አማቴ ተነሡ፤ “አማረኝ ያለች እርጉዝ ልትከለከል ነው? ያማራትን ካላገኘች ገላዋን በነካችበት በኩል ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል፤ ወይ ደግሞ…” ብለው ተዉት። የተዉትን ሁላችንም አውቀነዋል።

“እኔ እኮ ይዤ ነው የምለቀው” አለ እሱ፣ መሬት መሬት እያየ።

“ለኔም ትለቃለህ?” አልኩት።

ቀና ብሎ ያየኝን አልረሳውም። “ላንቺማ…” አለ።

ባለሱቋ ስትሰማ እንደ ልጅ ዘለለች። “ዓሣ እኮ ባራኪ አይፈልግም! የእስላም፣ የክርስቲያን አይባልም! በጨው አድርጋችሁ አምጡና አንድ ቀን እንኳ ከአንድ ትሪ ሥጋ እንብላ። ሽንኩርቱ በኔ!” አለች። እኔ ትኩሱን እዚያው እንድበላ፣ የተረፈው በጨው እንዲመጣ ተባለና ባለቤቴ ጋቢና ውስጥ ፍራሽ አነጠፈልኝ። መንገዱን ሁሉ ጉድጓድ ባየ ቁጥር እኔን ነበር ይቅርታ የሚጠይቀው።

ለኔ ወንዝ ማለት የአቃቂው ነው፤ ድልድዩ ላይ አፍንጫ ተይዞ የሚታለፈው። ያኛው ግን ጠጠሩ አንድ በአንድ ይታያል። ጠዋት ነበር፤ ጭቁኝ የሚሉት ቁጥቋጦ ጤዛ ይዞ ይሸታል፣ ብርሃኑ ውሃው ላይ ይሰባበራል። ሱሪውን ሰብስቦ ገባና ሹው፣ ሹው ሲያደርግ፣ ያው የግቢያችን ድምፅ። ዝንቧ አንድ ድንጋይ አጠገብ፣ ልክ ጎማው መሃል እንደምታርፈው ቀስ ብላ አረፈች። ውሃው ቡልቅ አለና ዘንጉ ጎበጠ። “ቀስ፣ ቀስ በይ እናቴ” ይላታል። ለኔ እንኳ እንዲያ ለስልሶ አውርቶኝ አያውቅም፣ ወላሂ!

“ነይ እያት” አለኝ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፤ ቅዝቃዜው አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ። ክንዱን ታህላለች። ጎኗ ፈዘዝ ያለ ሮዝ፣ ላዩ ነጠብጣብ በነጠብጣብ። እጄን ሥሯ ስሰድ ሆዷ ተወጥሯል።

“እንቁላል ነው” አለ በቀስታ።

ከዚያ ቢላዋውን አወጣ። ያ ሰው ለራሱ ርሃብ ያላደረገውን ለኔ ሊያደርግ ነው። ከንፈሩ ቢስሚላህ ሊል ሲንቀሳቀስ አየሁና፣

“ተዋት!” አልኩ።

“ምን?”

“ልቀቃት አልኩህ!”

“ያማረሽስ? ልጁስ?”

“ኧረ ተዋት!” አልኩና ለቅሶዬ ፈነዳ። ለመጀመሪያው ልጄ ያላለቀስኩትን እዚያ፣ ውሃ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩት። የሷን ሆድ አስቀድጄ የኔን ላተርፍ አልቻልኩም፣ አልሆነልኝም። ሳላስበው በረጠበ እጄ ጆሮዬ ሥር ያለውን ፀጉሬን መለስኩ። እሱ ቢላዋውን ወደ ዳር ወረወረና እጆቼን ይዞ ዓሣዋን ወደ ውሃው መምጫ አዞረልኝ። “አትወርውሪያት። እስክትበረታ ደግፈሽ ያዢያት፤ ስትበረታ ራሷ ትሄዳለች” አለኝ። ያዝኳት። ጉሮሮዋ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከዚያ አንዴ ተወራጨችና መዳፌ ባዶ ሆነ።

ሌላም አላጠመደም። ባዶ እጃችንን ተመለስን። ባለሱቋ ሽንኩርቱን ከትፋ፣ ቃሪያውን ሰንጥቃ በራችን ላይ ጠበቀችን። ስንነግራት በሁለት እጇ ራሷን ያዘች፤ “አንቺ ልጅ አብደሻል! አምሮትሽን ውሃ ውስጥ ለቀሽ መጣሽ?” አማቴ ጓዳ ገቡ። በኋላ ሽንኩርቱ አይጣል ተብሎ ሽሮ ተሠራበትና ሁላችንም ከአንድ ትሪ ቀረብን። አንድ ጎረስኩ፤ ሁሉም ፊቴን ያያል። ሁለተኛ ጎረስኩ። ረጋልኝ! ባለሱቋ፣ “ጉረሺ፣ ጉረሺ!” እያለች አፌ ውስጥ ስትወትፍ ሽሮው አገጬ ላይ ፈሰሰ።

ሴት ልጅ ወለድኩ፤ ሙሉ፣ ጤነኛ፣ አልሃምዱሊላህ። ጆሮዋ ሥር ቡናማ ነጠብጣቦች አሏት። አማቴ፣ “ይኸው፣ አላልኳችሁም!” አሉ። ባለሱቋ ደግሞ፣ “የለም፣ ማርያም ስማታለች” አለች፤ በዚህ ሲከራከሩ ነው ያረጁት። ባለቤቴ አልተከራከረም። ከመንገድ በገባ ቁጥር፣ እጁን ሳይታጠብ፣ እዚያችው ነጠብጣብ ላይ ይስማት ነበር።

የታመመ ጊዜ እጁን በሁለት እጄ ደግፌ ያዝኩ። እሱ ራሱ እንዳስተማረኝ፣ እስኪበረታ ብዬ። ልጃችን በወዲያ በኩል ተደፍታ ስታለቅስ ጣቱን እንደምንም አነሣና ጆሮዋ ሥር ነካት። ከዚያ መዳፌ ውስጥ ያለው እጁ ላላ። ሳይበረታ ሄደብኝ።

ትናንት ፀሐይዋ ስትዞር ዝንቧን ኪሱ ውስጥ መለስኳትና ጃኬቱን አነሣሁ። ልጄ ከሥራ ገብታ ነበር፤ አሸተተችው።

“እማ፣ ናፍጣ ይሸታል እኮ፤ አምጪው ልጠበው።”

“ተዪው” አልኳት።