ግርማ የተጻፈበት ካሴቴ

በደርግ ጊዜ ነው... አንድ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ፣ ጋሽ ነስሩ ሙዚቃ ቤት በር ላይ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ አውርጄ ቆሜያለሁ። ድምፅ ማጉያው የሚያጫውተው የራሴን ካሴት ነው። ሰው ምን እንደሚል ልሰማ ነው የቆምኩት።

ካሴቱ የወጣው በዚያው ወር ነው። ሰው ሁሉ ወደ ኪቦርድ ሲሮጥ እኔ በልጅነቴ፣ ከአብዮቱ በፊት፣ በየቡና ቤቱ በር ቆሜ የሰማሁትን ዓይነት ሮክ ሠራሁ። የሚጮኽ ጊታር፣ ከበሮ፣ በቃ። ግጥም አላስገባሁበትም፤ ሳንሱር ጋ ማን ይመላለሳል? ጊታር ያስተማረኝም የለም። በጆሮዬና በቆሰለ ጣቴ ነው የተማርኩት።

ከዚያ ፍርዱ ጀመረ... ጋዜጣ ላይ አንዱ «ጣቱ ጎበዝ ነው፣ ግን አሥር ዓመት ዘግይቶ መጣ» ብሎ ጻፈ። ይሄ ሙገሳ ነው ስድብ? የቀበሌያችን ካድሬ «የአድኃሪ ጩኸት» አለው። አብረውኝ የተጫወቱት ልጆች እንኳን «ለሠርግ አይሆንም» ብለው ሌላ ባንድ ገቡ። እኔም ያገኘሁትን ሁሉ ስሟገት ከረምኩና የሚያናግረኝ ጠፋ።

ሁለት ወጣቶች በሩ ላይ ቆሙ።

«ይሄ ደግሞ ከየት ተቆፍሮ ወጣ?»

«ዝም ብለህ ጊታሩን ስማው እባክህ።»

«ሰማሁት እኮ። ነፍስ ይማር።»

ልሟገታቸው ስል ዘንቢል የያዙ አንዲት ሴትዮ መጡና ድንገት ቆሙ። ቆይተው ወደ ውስጥ ገቡ።

«ጌታው፣ ይሄን የሚጫወተው ማነው?»

ጋሽ ነስሩ ወደ እኔ ሊጠቁም እጁን አነሳ። ኮፍያዬን ከፍ አደረግኩ... ሴትየዋ ግን መልስ አልጠበቁም።

«ግርማ ነው አይደል? ታናሽ ወንድሜ ነው። ክሩን እንዲህ እየጎተተ የሚያስለቅሰው እሱ ነበር... እሪ በከንቱ ሰፈራችን፣ ጎረቤት እስኪቆጣን ድረስ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በዚያን ጊዜ ከቤት ወሰዱት። መቀረጹን አላወቅኩም ነበር።»

የትኛው ጊዜ እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

ጋሽ ነስሩ ቀድቶ ካስቀመጣቸው የእኔ ካሴቶች አንዱን አወጣ። ፎቶ የለው፣ ሕትመት የለው... የሙዚቀኛውን ስም ሲሸጥ ነበር በእስክሪብቶ የሚጽፍበት።

«ማን ልበልበት?» አለ፣ እኔን እያየ።

አፌን ከፈትኩ። ወር ሙሉ ከሰው የተጣላሁት ለዚያች ስሜ ነው፤ ይሄ የእኔ ነው፣ እኔ ነኝ የሠራሁት ለማለት።

«ግርማ በልበት፣ ጋሽ ነስሩ።»

ሴትየዋ ዞረው አዩኝ። «ታውቀው ነበር እንዴ፣ ልጄ?»

«ጊታሩን ነው የማውቀው፣ እትዬ።»

ካሴቱን ዘንቢል ውስጥ አልከተቱትም። በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘውት ሄዱ።

ጋሽ ነስሩ እስክሪብቶውን ከደነና «አሁንስ ከማን ጋር ልትጣላ ነው?» አለኝ።

ማንም አልነበረም። ኮፍያዬን መልሼ አውርጄ ብቻዬን ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል ወረድኩ።

በዕድሜዬ አንድ እውነተኛ አድናቂ አገኘሁ... እሳቸውም የግርማ ናቸው።