ፊቱን ወደ ውስጥ ያዞረው ግድግዳ

ጋሽ ለገሰን የማታውቁት ካላችሁ፣ ከአትላንታ ወጣ ብሎ ሊቶኒያ ዳር ያንን የድሮ የገበሬ ድንጋይ ቤት የገዛው ሰውዬ ነው። መንዝ እያለ ግንበኛ ነበር። አትላንታ መጥቶ አስራ አንድ ዓመት ድራይዎል የሚሉትን የጀሶ ሰሌዳ ሲለጥፍ ኖረ። «ይሄ ቤት ነው? በክርንሽ ብትነኪው ይበሳል! ካርቶን ውስጥ ነው እኮ የምንኖረው!» እያለ ስቶን ማውንቴን ያለውን አፓርታማችንን ሲሰድብ ነበር የሚውለው።

ያንን ቤት ሲያገኝ አበደ። ግድግዳው የክንድ ውፍረት፣ ማዕዘኑ ላይ ጥጃ ጥጃ የሚያህል ግራናይት፣ በሁለቱም ጫፍ የጭስ መውጫ፣ መስኮቶቹ ጠበብ ጠበብ ያሉ። ቱንቢ ጣለበት፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆሞ ፀጉር ታህል አላዘነበለም። ሚስቱ ውቢት ግን ጓደኛዬ ናት፣ አውቃታለሁ፣ ፈሪ ናት። «አንድ ደስ የማይል ነገር ካየሁ በዚያው ቀን ለሽያጭ ይወጣል» ብላ፣ አስምላው ገባች።

ሰውዬው መለካት አይሰለቸውም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቤቱን በውጭ ለካ፣ በውስጥ ለካ፣ አልገጥም አለው። የግድግዳውን ውፍረት ቀንሶም ከምድጃው ጎን ሁለት ክንድ ጠፋ። መቼም አያስችለውም፣ ልስኑን ላጠና አንድ ድንጋይ ነቀለ።

እኔና ውቢት ወጥ ቤት ነበርን። ድንገት ጭጭ አለ። ጋሽ ለገሰ ዝም ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እየሮጥን ሄድን።

«ድንጋይ ፊት አለው» አለን፣ የራሱ ፊት ኖራ መስሎ። «ግንበኛ የተጠረበውን ፊት ወደራሱ ነው የሚያዞረው። የሚለስነውም በራሱ በኩል ነው። ይሄ በእኛ በኩል ጀርባው ነው፤ የላጥኩት ልስንም በኋላ ሌላ ሰው የለጠፈው ነው።»

«ታዲያ ምን ይሁን?» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ! ሰውዬው ከወዲያ ቆሞ ነዋ የገነባው! በር የለው፣ መስኮት የለው። ራሱ ላይ ዘግቶ ነው የጨረሰው።»

ውቢት የስልኳን መብራት አብርታ አንገቷን አስገባች። እኔም በትከሻዋ በኩል አጮለቅኩ። አጥንት ነበር የጠበቅኩት። አጥንት የለም፣ ጨርቅ የለም፣ አቧራ እንኳን የለም። ኖራው ላይ ግን የጣት ዱካ፣ ከታች እስከ ላይ፣ ልክ ቅቤ እንደተቀባ።

«ውቤ፣ ባዶ እኮ ነው» አለ ጋሽ ለገሰ እየተለማመጠ።

«እሱ ነው የገደለኝ» አለችው። «የት ሄደ?»

በዚያው ቀን ሻንጣዋን ይዛ እኔ ቤት መጣች። ለመናት፣ እንቢ፤ እሱም ቤቱን ቆልፎ ተከተላት። ምሏላ፣ ቤቱ ለሽያጭ ወጣ። የምትሸጥለት ደላላ እዚሁ ያደገችው ኑሃሚን ናት። ቤቱ ያለበት ችግር የሚጻፍበት ወረቀት አምጥታ፣ «ላይክ፣ ጋሽ ለገሰ፣ ክሎዜት፣ የልብስ ማስቀመጫ ነው በለው በቃ! ሂስቶሪክ ቤት እኮ ነው፣ ሰው ላቭ ያደርገዋል!» አለችው።

«ክሎዜት በር አለው፣ ልጄ» ብሎ ወረቀቱን ገፋላት። ቀዳዳ ትቶ ማስረከብ ደግሞ አልሆነለትም፣ ግንበኛ ነዋ።

ሐሙስ በጠራራ ፀሐይ እኔው በመኪናዬ ወሰድኳቸው። ውቢት ከመኪናው አልወርድም አለች። ቤቱ ከቅዳሜ ጀምሮ ተቆልፎ ነው የከረመው፣ ቁልፉም እሱ ኪስ ነው። ሲሚንቶ አቡክቶ ገባ፣ እኔ ከኋላው።

ቀዳዳው የለም።

የነቀለው ድንጋይ ወለሉ ላይ እንደተኛ ነው። በቦታው ሌላ ድንጋይ ገብቷል፣ ሸካራ ጀርባው ወደኛ፣ ዙሪያው በኖራ ተሞልቶ። ጋሽ ለገሰ በአውራ ጣቱ ነካው።

እርጥብ ነው።

የሲሚንቶውን ባልዲ ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ አድርጎ አነሳው። «ጨርሶልናል» አለኝ በሹክሹክታ። «እንሂድ።»

መኪና ውስጥ ውቢት «ደፈንከው?» አለችው።

«ተደፍኗል።»

ሀይዌይ ገባን። ከዚያ ወደኔ ዘንበል ብሎ፣ «የኖራውን መስመር አየሽው?» አለኝ። «ባለቤቱ ሥራ ያውቃል።»