ያልተዘጋው የድሪቶ ጥግ

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን አንድ ሆቴል ግድግዳ ላይ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋ ድሪቶ ተሰቅሎ አየሁ። በልጅነቴ ድሪቶ የድህነት ስም ነበር፤ ለካ ሚስማር ሲመታለት ጥበብ ይሆናል።

አክስቴ ከጎረቤላ ደብረ ብርሃን የምትመላለስ ነጋዴ ነበረች። ሰርግም ክርስትናም አያመልጣትም። ስጦታዋን ከልብስ ሰፊ በለመነችው ቁርጥራጭ፣ በቅሎ ላይም ሆነ ጭነት መኪና ላይ፣ ስትሰፋ ትከርማለች። የታናሽ ወንድሜ ክርስትና ዕለት ድሪቶው ስላላለቀላት ደብረ ብርሃን ካለው ቤታችን ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ መስፋቷን ቀጠለች።

«እቴቴ፣ ግቢ እንጂ! ብርዱ ይገልሻል፤ ልጁንም እዪው» አለች እናቴ።

«ባዶ እጄን አልገባም።»

«እስክትጨርሺ እኮ ልጁ ሚዜ ይሆናል!»

«አንቺማ በዘጠኝ ወር የጨረስሽው ቤትሽ ተቀምጠሽ ነው!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። የአክስቴ ጣቶች ግን በብርዱ ደንዝዘው ነበር። አንድ ጥግ ሲቀራት የጎረቤላው መኪና ጡሩምባውን ነፋ፤ እዚያ ደግሞ ሰርግ ይጠብቃታል። ድሪቶውን ከነመርፌው እናቴ እጅ ላይ ጥላ፣ ልጁን ሳታየው፣ «የቀረውን ስመለስ!» እያለች ሮጠች።

ወንድሜ ያንን ድሪቶ ለብሶ አደገ። እናቴ መርፌውን ነቅላ አስቀመጠችው፤ ጥጉን ግን ማንም እንዲሰፋው አልፈቀደችም። «የጀመረችው ትመጣለች» ትል ነበር። አክስቴ ግን ከሰርግ ወደ ክርስትና ስትሮጥ ለዚያ ጥግ ሳትመለስ ቀረች።

የሆቴሉን ድሪቶ ጥግ በጣቴ ዳሰስኩት። የእሷ አይደለም፤ ተሰፍቶ አልቋል።