የገመዳ ጆሮ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ለፀጉሯ የምትቀባውን የጉሎ ዘይት ልታሞቅ ምድጃ ላይ ጥዳ፣ በስልክ ስታወራ ረሳችውና ቤቱ በጢስ ታፈነ። እናቷ መስኮት ልትከፍት ስትሮጥ እኔ ሽማግሌው ከወንበሬ ሳልነሳ ያንን ጢስ እንደ ጅል ስምግ ቀረሁ። የተቃጠለ ጉሎ ለሌላው ሰው ራስ የሚያዞር ሽታ ነው፤ እኔን ግን ወደ ልጅነቴ ከተማ ወደ መቱ፣ ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ወዳለው እርጥብ ሜዳ ይዞኝ ይሄዳል፤ መሄዱንም አልወደውም።

ጋሼ ታደለ የሳይንስ አስተማሪያችን ነበሩ። ሌላው አስተማሪ ፍራሽና ብርድ ልብስ ጭኖ ሲመጣ፣ እሳቸው ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ያስወረዱት ሁለት ትንንሽ የመጫወቻ አውሮፕላን ሞተር የያዘ የእንጨት ሣጥንና አንድ ጀሪካን ሜታኖል የሚባል አልኮል ነበር። የመቱ ሰው በዚያን ጊዜ አውሮፕላንን በድምፁ እንጂ በመልኩ አያውቀውም፤ ደመናው መች ያሳያል! ስለዚህ እኛ ተማሪዎቹ ከቀርከሃና ከወረቀት አውሮፕላን ልንሠራ ነው ሲባል ከተማው ሁሉ ሳቀብን። ከሳቁት አንዱ የአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበረው አባቴ ነው።

እኛ ተማሪዎቹም አብረን ሳቅን፤ ያልሳቀው ገመዳ ብቻ ነበር። ገመዳ ከቡሬ መጥቶ መቱ አክስቱ ቤት ተጠግቶ የሚማር፣ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ነው። ጋሼ ታደለ ሁለቱን ሞተሮች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ምረጡ ሲሉን እኔ ወደ ትልቁ ተንደረደርኩ፤ ትልቅ ነገር ሁሉ የተሻለ የሚመስለኝ ዕድሜ ላይ ነበርኩ። ገመዳ ግን የሁለቱንም ፕሮፔለር በጣቱ ቀስ አድርጎ እያዞረ፣ ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚያሳየውን እምቢታ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠና ትንሹን አነሳ። «ያ ትልቁ ቀርከሃችንን አራግፎ ይጨርሰዋል» አለ። ጋሼ ታደለ ትልቁን ወደ ሣጥኑ መለሱት።

ያ ሞተር እንደ መኪና ብልጭታ አያስፈልገውም። ካንዴላው ውስጥ ያለችውን ቀጭን ሽቦ በባትሪ ድንጋይ አግለው ፕሮፔለሩን በጣት መምታት ነው፤ አንዴ ከተነሳ ሽቦዋ በራሷ እንደ ፍም እየጋለች ትቀጥላለች። የሚጠጣው ሜታኖልና ጉሎ ዘይት ነው። ጉሎውን የገመዳ እናት አንጥረው በጠርሙስ ከቡሬ በአውቶቡስ ይልኩልናል፣ ገመዳም አሽትቶ፣ ጉሎውን በኦሮምኛ ስሙ ጠርቶ፣ «ቆቦው ገና ውሃ አለው» ካለ እንደገና እሳት ላይ ይጣዳል። የቀረው ሥራ የነዳጁን መጠን የምትወስነውን መርፌ ማስተካከል ነው፤ ስትጠብቅ ነዳጁ ያንሳል፣ ስትላላ ይበዛል። እኛ ስንነካካው የሚያስነጥሰው ሞተር ገመዳ ሲነካው አፍ አውጥቶ ይናገር ነበር። ጣቶቻችን በፕሮፔለር ተቆራርጠው በጨርቅ ሲታሰሩ የእሱ አንድ ጭረት አልነበረባቸውም። እቀናበት ነበር፣ ምን ይደበቃል።

በዓመቱ መጨረሻ ከአዲስ አበባ የትምህርት ተቆጣጣሪ እንደሚመጡና አንድ ተማሪ መርጠው ወደ ሙያ ትምህርት ቤት እንደሚወስዱ ተነገረን። ጋሼ ታደለ በልባቸው የያዙት ገመዳን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ታላቅ ወንድሙም ከዚያ ዓመት በኋላ ትምህርት አስጥሎ ወደ ቡና እርሻው ሊመልሰው ቆርጦ ነበርና ለገመዳ ሌላ በር አልነበረውም።

ተቆጣጣሪው ሲመጡ ግን እንግዳ ፊት የሚቆመው ጫማና ኮት ያለው፣ አማርኛውም የማይንተባተብ ልጅ ነው ተባለና እኔ ከፊት ሆንኩ፤ ጠዋት ሞተሩን ያስተካከለው ገመዳ በባዶ እግሩ ከተማሪው ኋላ ተሰለፈ። ከመሄዱ በፊት ጆሮዬ ሥር መጥቶ «መርፌውን እንዳትነካው። መሬት ላይ ማጉረምረሙን ዺሲ፣ ተወው፤ አየር ላይ ከወጣ በኋላ ድምፁ ራሱ ይጠራል» አለኝ።

ጋሼ ታደለ አውሮፕላኑ የሚዞርባቸውን ሁለት ረጃጅም ሽቦዎች ይዘው ሜዳው መሐል ቆሙ፤ እኔ ሞተሩን አስነሳሁ። አጉረመረመ፣ ጉሎ ተፋ፣ የተቆጣጣሪው ነጭ ሸሚዝ ላይ ፍንጣቂ አረፈ፤ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። አፈርኩ። ሰው ሳያየኝ መርፌዋን ሩብ ዙር አጠበቅኳት። ሞተሩ ወዲያው ጮኸ፣ ሜዳው አስተጋባ፣ ተቆጣጣሪው በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አውሮፕላኑ ሁለት ዙር በረረ። በሦስተኛው ድምፁ ቀጠነ፣ ነዳጅ አንሶት ጋለና ጋሼ ታደለ ራስ ላይ እንዳለ ጸጥ አለ። ሽቦዎቹ ረገቡና በአፍንጫው ጭቃ ውስጥ ተተከለ። መርፌዋ ከሥሯ ተሰብራ ስለቀረች ምን ያህል ጠብቃ እንደነበር የሚያውቅ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

ተቆጣጣሪው ሸሚዛቸውን እየጠረጉ «ሞተሩን ያስተካከለው ማነው?» አሉ።

«ገመዳ ነው» አልኩ።

ውሸት አልነበረም፤ ለዚህም ነው አፌ ሳይተሳሰር የወጣው። ጋሼ ታደለ ሊከራከሩ ሞከሩ፤ እንግዳ ፊት ብዙ መከራከር ነውር ስለሆነ ተዉት። ደህና የተናገረው ልጅ ይሂድ ተባለና እኔ ሄድኩ። ገመዳ በሳምንቱ ጉሎ በምታመጣው አውቶቡስ ወደ ቡሬ ተመለሰ።

አርባ ዓመት የሞተር ሰው ተብዬ ደመወዝ በላሁ። አንድም ቀን ሞተር ሰምቼ አልገባኝም፤ በመሣሪያ እለካለሁ፣ ሌላ ሰው እጠራለሁ። አሁን ሜዳው ላይ ቤት ተሠርቶበታል፣ ጋሼ ታደለም አልፈዋል። ይህን ሁሉ ዕድሜ ያመጣው ነው ብዬ እችለዋለሁ።

ጡረታ የወጣሁ ዓመት ቡሬ ሄጄ ገመዳን ፈለግሁት። ጥርሱ ረግፎ፣ ወገቡ ጎብጦ ቡናው ሥር አገኘሁት፤ አቅፎ ሳመኝ። የመጣሁት ልነግረው ነበር። ገና ሳልጀምር እሱ ቀደመኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ፤ «ያን ቀን መርፌውን ነክተኸው ነበር እንዴ?»

የልጅ ልጆቹ ከበውን ቆመዋል። ኮቴን፣ የመጣሁበትን መኪና ያያሉ።

«አልነካሁትም» አልኩ።

የቡና ቅርጫቱን መሬት አስቀመጠ። ከዚያ እጄን በሁለት እጁ ያዘና «እንግዲያው ጆሮዬ ነው የዋሸኝ። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ዘመን አንተን ስጠረጥር ኖርኩ፤ ይቅር በለኝ ወንድሜ» አለኝ።

ይቅር ብዬሃለሁ አልኩት። በዚያው ክረምት ሞተ።